አንድ ጥቅል ፊልም በደሴና በኮምቦልቻ፦ ካሜራ ከመፈለግ ፎቶውን ለባለቤቱ እስከማድረስ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቤታችንን ዘግተን ከደሴ ስንወጣ እናቴ ከልብሱም ከዕቃውም አስቀድማ ያነሳችው የፎቶ አልበሙን ነው። ከአልበሙ ጀርባ አንድ ቡናማ ፖስታ ተሸጉጦ ነበር። እሱን የከፈትኩት ከወራት በኋላ፣ ተመልሰን ቤት ስናስተካክል ነው። ውስጡ ስድስት ስድስት ሆነው የተቆረጡ ነጋቲቮች ነበሩ። አንዱን በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሰማዩ ጠቁሯል። የአባቴ ጥቁር ኮት ነጭ ሆኗል። ከኋላው የጦሳ ተራራ ጫፍ በስሱ ይታያል።

ስልኬ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ። ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይሄ ነጋቲቭ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ጠብቋል።

በአባቴ ዜኒት ካሜራ ማንሳት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አሁን እዚህ የምጽፈው አንድ ጥቅል ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድበትን መንገድ ነው። መጨረሻ የምለው ፎቶው ኦንላይን ሲለጠፍ አይደለም። የተነሳው ሰው እጅ ሲገባ ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ካሰባችሁበት ፊልም አመራረጣችሁም፣ ማስታወሻ አያያዛችሁም፣ ሰው ፊት አቀራረባችሁም ይለወጣል።

1. ካሜራውን ቤት ውስጥ ፈልጉ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዘመድ ጠይቁ። አጎት፣ አክስት፣ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ጎረቤት። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሰው ከሚገኙት መካከል የሶቪየቶቹ ዜኒት፣ ፌድና ዞርኪ፣ የጃፓኖቹ ያሺካ፣ ካኖንና ፔንታክስ አሉ። ባለ ሙሉ ማንዋል ካሜራ፣ ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበትን፣ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ያለ ባትሪ ይሠራል፤ ብልሽቱም በዓይን ይታያል።

ካሜራውን እንዳገኛችሁ ጀርባውን እንዳትከፍቱ! ውስጡ ፊልም ሊኖር ይችላል። ከላይ በግራ በኩል ያለውን የመጠቅለያ ቁልፍ በቀስታ፣ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አዙሩት። በነፃ ከተሽከረከረ ባዶ ነው። ከያዘ፣ ከከበዳችሁ፣ ፊልም አለበት። ያኔ መጀመሪያ ጠቅልሉትና ከዚያ ክፈቱ። የማን ፊት እዚያ ውስጥ እንዳለ አይታወቅም።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ጀርባውን ክፈቱና ሌንሱን ወደ መስኮት አዙራችሁ ሻተሩን፣ ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን መጋረጃ፣ በየፍጥነቱ ተኩሱት። በ1/30 እና በ1/500 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮም ለዓይንም መታወቅ አለበት። ፌድና ዞርኪ ላይ ፍጥነቱን የምትቀይሩት ሻተሩን ከወጠራችሁ በኋላ ብቻ ነው። አለዚያ ውስጡ ይሰበራል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ግቡ። ሌንሱን ፈትታችሁ የስልክ መብራት በጨርቁ መጋረጃ አንድ በኩል አብሩና በሌላው በኩል እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ትሆናለች።

ሌንሱንም በዚያው መብራት ከኋላ አብርታችሁ ተመልከቱት። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ለሚሸጥላችሁ ሰው አሳዩትና ወይ ዋጋ ይቀንስ ወይ ተዉት። በጃፓኖቹ ካሜራዎች የጀርባ በር ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እሱን ጠርጋችሁ በቦታው ጥቁር የሹራብ ክር ብታስገቡ ብርሃን አያስገባም። የዜኒት ኢ የብርሃን መለኪያ ከሌንሱ በላይ ያለው የማር እንጀራ የሚመስለው መስኮት ነው። በእጃችሁ ስትሸፍኑትና ስትገልጡት መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል። አትዘኑ፤ ያለ እሱም ይሠራል፣ ከታች እነግራችኋለሁ።

2. ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደምታጥቡት ወስኑ

ብዙ ሰው ይሄን ገልብጦ ይሠራዋል። ፊልሙን ይገዛል፣ ያነሳል፣ ከዚያ የሚያጥብለት ያጣል።

የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚታጠበው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። ሙቀቱ ትንሽ ከተዛነፈ ቀለሙ ይበላሻል። ጥቁርና ነጭ ግን በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ በባልዲና በሳፋ፣ ማድ ቤት ውስጥ ይታጠባል። ስለዚህ ለጀማሪ ጥቁርና ነጭ እላለሁ፤ በዚህ አቋሜ ጠንካራ ነኝ። ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ የሚባለው ፊልም ፍጥነቱ፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 400 ነው፣ ስህተት ይሸከማል። ፎማፓን 100 በቡና ለማጠብ ይመቻል። አዎ፣ በቡና! እንደርስበታለን።

አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ይዟል፤ እያንዳንዱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ካሜራችን ውስጥ የምንከተውን ካርትሪጅ (ፊልሙ የተጠቀለለበትን ቆርቆሮ) ኮዳክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በዓመቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በራሳቸው እጅ መትረየስ ወደ ሰማይ ደግነው የሚታዩበት የታወቀው ፎቶ የተነሳው ያኔ፣ እዚሁ ደሴ ነው። የከተማችን የዚያን ቀን መልክ የተረፈልን በፊልም ላይ ነው። ፊልም በእጄ በያዝኩ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ፊልም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚደርሳችሁ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት፦ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተተው፣ በእጁ ይያዘው። የጭነት ሻንጣ የሚፈተሽበት ጨረር ጠንካራ ነው፤ ፊልሙን ያደበዝዘዋል። በእጅ የያዘውንም ቢሆን በዓይን እንዲያዩለት ቢጠይቅ ይሻላል።

ጊዜው ያለፈበት ፊልም ከአሮጌ ሱቅ ካገኛችሁ አትጣሉት። በየአሥር ዓመቱ አንድ ደረጃ፣ ማለትም እጥፍ፣ ብርሃን ጨምሩለት። 400 የሚል የአሥር ዓመት ፊልም ከሆነ ካሜራውን 200 ላይ አድርጉ። ለሠርግ ግን አትጠቀሙበት።

ፊልሙን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በተለይ ኮምቦልቻ የምትኖሩ። ከፍሪጅ ስታወጡት ማሸጊያውን ሳትከፍቱ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ አለዚያ ላቡ ፊልሙ ላይ ያርፋል።

3. አከታተት

ጥላ ውስጥ ግቡ። ጀርባውን ክፈቱ፣ ካርትሪጁን በግራ በኩል አስቀምጡ፣ ከካርትሪጁ የወጣውን የፊልም ጫፍ፣ ምላሱን፣ ሳቡና በቀኝ ያለው መጠቅለያ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። የፊልሙ ዳርና ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ በትክክል መቀመጥ አለባቸው። አንዴ አዙሩ፣ ሲጠብቅ እዩ፣ ከዚያ ዝጉ።

አሁን ዋናው ነገር። የመጠቅለያ ቁልፉን በቀስታ አዙራችሁ የላላውን ፊልም አጥብቁት። ከዚያ ሁለት ጊዜ ወደፊት እየወጠራችሁ በባዶ ተኩሱ። በወጠራችሁ ቁጥር በግራ ያለው ቁልፍ ራሱ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ አልተያዘም ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ ኒካህ ላይ ይሄን አላየሁም ነበር። ቀኑን ሙሉ አነሳሁ። ቆጣሪው 36 አለ። ቀጥሎ 37፣ 38 ሲል ነው የደነገጥኩት። ፊልሙ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር። ያቺ ልጅ እጇ ላይ ሂና ተቀብታ፣ እናቷ ትከሻዋን ይዛ የቆመችበትን ቅጽበት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ፎቶው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ፎቶ ስወጥር ዓይኔ ያ ቁልፍ ላይ ነው።

ማንዋል ካሜራ ላይ የፊልሙን ፍጥነት ራሳችሁ ናችሁ የምትሞሉት። 400 ከሆነ 400 ላይ አድርጉ። የፊልሙን ሳጥን ቀድዳችሁ ካሜራው ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ ምን እንደከተታችሁ አትረሱም።

4. የደሴ ብርሃንና የኮምቦልቻ ብርሃን

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ።

መለኪያ ለሌለው ሰው የቆየ ሕግ አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጉ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ የሻተሩን ፍጥነት ደግሞ ከፊልሙ ፍጥነት ጋር አስተካክሉ። ፊልሙ 100 ከሆነ 1/125፣ 400 ከሆነ 1/500። ስስ ደመና ሲጋርድ 11፣ ደመናው ሲከብድ 8፣ በጠራ ቀን የሕንፃ ጥላ ውስጥ 5.6 ወይም 4። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ከሁለት ፊልም በኋላ ወረቀቱ አያስፈልጋችሁም። የስልክ የብርሃን መለኪያ አፕም አለ፣ ለማመሳከር ጥሩ ነው።

ግን ሕጉ ለእኛ አገር ሦስት ማስተካከያ ይፈልጋል።

አንደኛው የፀሐዩ አቀማመጥ ነው። የምንኖረው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዓይኑ አይታይም፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ግንባሯ ይጨልማል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ማንሳት ካለባችሁ ወደ በረንዳ፣ ወደ ሱቅ ደጃፍ፣ ወደ ሸራ ጥላ ስር ጥሩት። ፊቱ ላይ ለኩና አንሱ። ጥሩው ብርሃን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ላይ ግን ማታውን አትመኑት። ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ቀድማ ትገባለች፤ ሰዓቱ ገና ነው ብላችሁ ስትዘናጉ ፒያሳ ጥላ ውስጥ ገብቷል። የማታ ብርሃን ለሚወድ ሰው ኮምቦልቻ ይሻላል። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ብርሃኑ ይዘገያል።

ሁለተኛው ጉም ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። በክረምት ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመንገዱ በታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ያየ ሰው ሁሉ ካሜራ ያወጣል። ነገር ግን ጉም ነጭ ነው፤ መለኪያው ይሳሳታል። ብዙ ብርሃን ያለ ይመስለውና ፎቶውን ያጠቁረዋል። አንድ ደረጃ ጨምሩ። መለኪያው 11 ካለ እናንተ 8 አድርጉ። ጉሙ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቁር ነገር ያስፈልጋል፦ ባሕር ዛፍ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ የቆመ ባጃጅ። አለዚያ ባዶ ወረቀት ታነሳላችሁ። ከመኪና መንገዱ ፈንጠር ብላችሁ ቁሙ፣ በጉም ሹፌር አያያችሁም።

ሦስተኛው ጋቢና ነጠላ ነው። ነጭ የለበሰ ጠይም ሰው ስታነሱ መለኪያው ልብሱን ያይና ፊቱን ይረሳዋል። ውጤቱ የሚያበራ ጋቢና የማይታይ ፊት ነው። ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ ፊቱን ብቻ ለኩ። ከተጠራጠራችሁ ብርሃን ጨምሩ። ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ሁለት ደረጃ ቢበዛበት ይችለዋል። ሁለት ደረጃ ሲያንስበት ግን ጥላው ውስጥ ያለው ነገር ጭራሽ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ በምንም ጥበብ አይወጣም።

ገበያ ውስጥ ለማንሳት አንድ ዘዴ ልጨምር። በዜኒት 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ርቀቱን 7 ሜትር ላይ ካደረጋችሁ ከሦስት ሜትር ተኩል ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፎከስ ስትፈልጉ ቅጽበቱ አያመልጣችሁም። በእጅ ይዛችሁ ስታነሱ ከ1/60 አትውረዱ። ዜኒት ኢ ካላችሁ ደግሞ በመስኮቱ ከምታዩት ዳር ዳሩ ላይ ተጨማሪ ነገር እንደሚገባ አስታውሱ። ትንሽ ጠጋ በሉ።

5. ደብተርና ቃል

ትንሽ ደብተር ያዙ። ፊልም እንደ ስልክ ቀንና ቦታ አይጽፍላችሁም። የእኔ ደብተር ላይ አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ "12፤ ሰኞ ገበያ፣ በርበሬ የሚሸጡት እናት፣ ጥላ፣ 5.6፣ 1/125። ፎቶ ቃል ገብቻለሁ።"

ያ መስመር ታሪክ አለው። በርበሬውን በጆንያ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላም ካልኩ በኋላ "እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?" አልኳቸው።

"ለምንህ ነው ልጄ?"

"አጥቤ አመጣልዎታለሁ።"

"ስንቱ አንስቶኝ ሄዷል። ይዞ የመጣ ግን የለም።"

መልስ አልነበረኝም። ደብተሬን አውጥቼ ፊታቸው ጻፍኩት። ያኔ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በእጃቸው የጉንጫቸውን የበርበሬ ብናኝ ጠረጉ፣ ቀና አሉ። አንዴ ብቻ ተኮስኩ።

ሰው ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ልጅ ከሆነ እናቱን ጠይቁ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከመግባታችሁ በፊት እዚያ ያሉትን አናግሩ። ኬላ፣ ወታደር፣ አየር ማረፊያና የፋብሪካ አጥር ላይ ካሜራ አታዙሩ። ብዙ ያየ ከተማ ነው፤ ሰው ቢጠራጠር እውነት አለው። የጠየቃችሁን ሁሉ ቆማችሁ አስረዱ፣ ካሜራውን አሳዩት፣ በመስኮቱ እንዲያይ ስጡት። አብዛኛው ሰው "አባቴም እንዲህ ያለ ነበረው" ብሎ ወግ ይጀምራል።

6. ሲያልቅ

መወጠሪያው እምቢ ሲል አታስገድዱት። ዜኒት ላይ የሻተሩን መጫኛ ከቦ ያለውን ቀለበት፣ የጃፓኖቹ ላይ ከሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ በግራ በኩል ጠቅልሉ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ድንገት ይለቅቃል። ከለቀቀ በኋላም ሁለት ሦስት ዙር ጨምሩና ክፈቱ። ሳይጠቀለል የተከፈተ ፊልም ተቃጠለ ማለት ነው።

7. ማጠብ

የሚያስፈልጋችሁ ብርሃን የማያስገባ የፊልም ማጠቢያ ታንክ ከነመጠቅለያው (ውስጡ ፊልሙ የሚጠመጠምበት)፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ሰዓትና ጓንት ነው። የትኩሳት ቴርሞሜትር አይሆንም፤ የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ አካባቢ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ፈልጉ።

ፊልሙን መጠቅለያው ላይ ማስገባት ፍጹም ጨለማ ይፈልጋል። ጥቁር ከረጢት ከሌላችሁ ሌሊት፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ደፍናችሁ ሥሩ። ገብታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። እጃችሁ ከታያችሁ ክፍሉ አልጨለመም። ከዚያ በፊት በተበላሸ ፊልም ተለማመዱ፦ መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ ቢያንስ አሥር ጊዜ። ጣታችሁ መንገዱን እስኪያውቀው ድረስ።

ዲ-76 የሚባለው ምስሉን የሚያወጣ መድኃኒት ካላችሁ ለኤችፒ 5 ሳይቀጠን በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ነው። ከሌላችሁ ቡና አለ።

በቡና ማጠብ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የፎቶ ኬሚስትሪ ክፍል የተሞከረ ነገር ነው። ቡና ውስጥ ያሉ አሲዶች ብርሃን የነካውን ብር ወደ ጥቁር ብረትነት ይለውጡታል። የሚሠራው ግን ፈጣን ቡናው ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው፣ በጣሳ የሚሸጠው። ርካሹ ይሻላል። ጀበና ቡናን እኔም ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቀን ከሌላው ቀን አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ለምወደው ፎቶ አልጠቀምበትም።

ለአንድ ሊትር፦ 54 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 16 ግራም ንጹሕ የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና። አንድ ፊልም የሚይዝ ታንክ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚበቃው 16፣ 5 እና 12 ግራም አድርጉት። የማጠቢያ ሶዳውን ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። እኔ የምሠራው ከመጋገሪያ ሶዳ ነው። 86 ግራም ያህሉን ደረቅ መጥበሻ ላይ አድርጌ በደንብ አግለዋለሁ። ዱቄቱ እንደሚፈላ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይነሳል፣ ትናንሽ ጉድጓዶች ይከፍታል፣ እንፋሎት ይተፋል። መንፈቅፈቁ ሲቆምና ዱቄቱ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ 54 ግራም ያህል ቀርቷል፤ ሆኗል ማለት ነው። መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁንም ጠብቁ፤ ይሄ ዱቄት ከመጋገሪያ ሶዳው ይልቅ ቆዳ ይጎዳል።

ሶዳውን በውሃ አሟሙ፣ ቫይታሚኑን ጨምሩ፣ አረፋው ሲበርድ ቡናውን አስገቡ። አምስት ደቂቃ አቆዩና ወዲያው ተጠቀሙበት። ሽታው ከባድ ነው። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ከጓዳ ወጥታ "ቡናን እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው?" አለች። ዕቃዎቹን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጠርሙሱ ላይ "አይጠጣም" ብሎ በትልቁ መጻፍ ግዴታ ነው። ቡና የሚመስል ነገር እኛ ቤት ውስጥ ሳይጠጣ አይቀርም።

የደሴ ውሃ በብርድ ወራት ከ20 በታች ነው፤ ኮምቦልቻ ከሰዓት ደግሞ ከ20 ያልፋል። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጉ፤ ደሴ ከሆናችሁ ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ፣ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ከፍሪጅ ቀዝቃዛ እየጨመራችሁ 20 ላይ አድርሱት። የመድኃኒቱን ዕቃና ታንኩን እዚያ ውስጥ አስቀምጡ።

ለፎማፓን 100 ቡናውን ታንኩ ውስጥ ጨምሩና 15 ደቂቃ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳታቋርጡ ገልብጡት፣ ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ አራት ጊዜ ብቻ። በገለበጣችሁ ቁጥር ታንኩን ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጉ፣ የአየር አረፋ እንዳይቀር። ሲያልቅ ድፉትና የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በውሃ አጥቡ።

ቀጥሎ የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሃይፖ የሚሉት መድኃኒት ነው። ምስሉን የሚያጸናው እሱ ነው፤ ቡና ይሄን አይተካም። ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ለማወቅ ከፊልሙ ምላስ የተቆረጠች ቁራጭ በብርሃን ሃይፖ ውስጥ ጣሉ። ጥርት ብላ እስክታሳልፍ የፈጀውን ጊዜ እጥፍ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ አራት ደቂቃ። ሃይፖውን መልሳችሁ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡ፣ ብዙ ፊልም ያጥባል። ሲያረጅ ወደ ቦይ አትድፉት። ከፊልሙ የለቀቀ ብር አለበት፣ ቦይ ያገኘ ደግሞ ወንዝ ይገባል። ቦርከና የሚበቃውን ቆሻሻ ተሸክሟል። እኔ ጀሪካን ውስጥ አከማቸዋለሁ።

ማለቅለቁ ብዙ ውሃ ይበላል ብላችሁ አትስጉ። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት የምጠቀምበት የኢልፎርድ ዘዴ አለ። ታንኩን በንጹሕ ውሃ ሙሉና 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ። እንደገና ሙሉና 10 ጊዜ። ለሦስተኛ ጊዜ ሙሉና 20 ጊዜ። አበቃ። የመጨረሻው መንከሪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን፣ ከቧንቧው የሚቀር ነጭ ነጠብጣብ እንዳይኖር። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ብትጨምሩ ውሃው ሳይቋጥር ይወርዳል።

አሁን ክፈቱት። እርጥቡን ፊልም ወደ አምፖሉ ስታነሱ ሰዎቹ ተገልብጠው፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያሉ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ ከታች ሌላ መቆንጠጫ አክብዱለት። ወለሉን ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ አቧራው ይተኛል። ሌሊቱን ማንም አይግባ።

8. በስልክ መገልበጥ

ስካነር ለሌለው ሁለት ስልክ ይበቃል። አንዱ ላይ ነጭ ምስል ክፈቱና ብርሃኑን ጫፍ አድርሱት። የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር መስኮት ቁረጡና ከስክሪኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ነጋቲቩ በቀጥታ ስክሪን ላይ ካረፈ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይወጣሉ። የክፍሉን መብራት አጥፉ። በሁለተኛው ስልክ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ ሁለት ክምር መጽሐፍ ላይ አሳርፉት። ከዚያ በስናፕሲድ የከርቭ መስመሩን ግራ ጫፍ ወደ ላይ፣ ቀኝ ጫፉን ወደ ታች ስትስቡት ነጋቲቩ ይገለበጣል።

የቤተሰብ ነጋቲቮችንም በዚሁ መንገድ አውጡ። እኔ የአባቴን ፖስታ በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩት። ነጋቲቩን በጣት አትንኩት፣ በዳሩ ያዙት። ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ ፖስታው ላይ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉ።

9. ማካፈል

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ "እንደ ፋይል" ብላችሁ ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የፊልሙ ጥራጥሬ ይጠፋል። ከሥሩ ካሜራውን፣ ፊልሙን፣ በምን እንደታጠበና የት እንደተነሳ ጻፉ። የሚማር ሰው ከዚያ ነው የሚማረው። ያልተሳካውንም አሳዩ፣ ለምን እንዳልተሳካ ጨምራችሁ። ሠላሳ ስድስቱንም ግን አትልቀቁ፤ አራት ወይም አምስት ይበቃል። የሰው ፊት ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን ሰው ጠይቁ። ለማንሳት ፈቀደ ማለት ለመለጠፍ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና ቃል የገባችሁባቸውን መስመሮች ቁጠሩ። ፎቶ ቤት ሄዳችሁ 10 በ15 አሳትሙ። ከጀርባው በማይለቅ ቀጭን እስክሪብቶ፣ ዳር ላይ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። መሐሉ ላይ ከጻፋችሁ ጽሑፉ ወደ ምስሉ ያልፋል።

እኔ 12 ቁጥርን ይዤ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ገበያ ተመለስኩ። እማማ መጀመሪያ አላወቁኝም። ፎቶውን ከፖስታው አውጥቼ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ ጎናቸው ሽንኩርት የምትሸጠውን ጠሩ። "ነይ እስቲ፣ ነይ እዪኝ።" ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። አይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔንስ መቼ ታነሳኛለህ?"

ደብተሩን አወጣሁ።